ሹሙ ሲነሣ ውሳኔው ይነሣል? ከአማካሪ ወንበር ወደ ሕዝብ መሬት

ጥያቄው

በእኛ በአዊ ዞን፣ በጥርባ፣ «መሬት አስተዳደር» ሲባል ለተማሪ በዓይኑ የሚመጣበት ሜትርና መዝገብ ይዞ ከማሳ ማሳ የሚዞረው የቀበሌ ባለሙያ ነው። ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ከባለሙያው በላይ የወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ከወረዳው በላይ እንጅባራ ያለው ዞን፣ ከዞኑ በላይ ባሕር ዳር ያለው ቢሮ አለ፤ በየደረጃውም በሹመት የሚቀመጥ ኃላፊ አለ። ይህ ኃላፊ ሁልጊዜ ከቅየሳ ወይም ከእርሻ ትምህርት አይመጣም። አንዳንዱ የትልቅ ባለሥልጣን ልዩ ረዳት፣ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ወይም አማካሪ ሆኖ ቆይቶ ከፖለቲካው ሰፈር የሚመጣ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ሲሾም ሁለት የተጣደፉ ፍርዶች ይሰማሉ። አንደኛው «ይሄ ስለ መሬት ምን ያውቃል?» ይላል። ሌላኛው «የላይኛውን በር የሚያውቅ ሰው ከመጣማ ጉዳያችን አለቀ» ይላል። ሁለቱም የሚመዝኑት ሰውየውን ነው። እኔ ግን ክብደቱ ሌላ ቦታ ነው ባይ ነኝ። ከባለሥልጣን ጎን ተነሥቶ ወደ መሬት የሄደ ሰው የወሰነው ነገር፣ እሱ ሲነሣ ይቆማል ወይስ አብሮት ይነሣል? መልሱን በአንዳንድ ሰዎች የሥራ ታሪክ ውስጥ እንፈልገው፤ ከአገራችን እንጀምራለን።

ጸሐፊ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የአማካሪነት ቁንጮ ጽሕፈት ሚኒስቴር ነበር። ጸሐፊ ትእዛዙ የንጉሡን ቃል ወደ ወረቀት ያወርዳል፣ ማኅተም ያስመታል፤ ማን እንደሚገባ፣ ማን ደጅ እንደሚጠና ያውቃል። መሬትም በዚያው በር ያልፍ ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ ለአርበኛ፣ ከስደት ለተመለሰ፣ ለወታደርና ለሹም የመንግሥት መሬት በጋሻ እየተቆጠረ ሲሰጥ፣ ስጦታው የሚጸናው በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ነው። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ይደርሳል። ዛሬ አንድ ሄክታር የማይሞላ ማሳ ለሚያርስ የአዊ ገበሬ ልጅ ይህ ቁጥር ብዙ ይነግረዋል።

በዚያ ወንበር ላይ ረጅም ጊዜ የቆዩት ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። ከታላላቅ የመኳንንት ቤት አልተወለዱም። በስደቱ ዘመን ከንጉሡ ጋር እንግሊዝ አገር ነበሩ፤ በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆኑ፤ ወደ 14 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜም ከንጉሡ ቀጥሎ የሚፈሩ ሰው እሳቸው ነበሩ። በ1947 ዓ.ም. ግን ንጉሡ ከአጠገባቸው አንሥተው የአርሲ ጠቅላይ ግዛት ገዢ አደረጓቸው፤ ኋላም ወደ ገሙ ጎፋ ተዛወሩ። በወረቀት ሲታይ ሹመት ነው። ቤተ መንግሥቱን የሚያውቅ ሁሉ ግን ሽረት እንደሆነ ገብቶታል።

አርሲ ለም ነው፤ ሰፊ የመንግሥት መሬትና ብዙ ጭሰኛ የነበረበት አገር። አማካሪ የነበረ ሰው እንዲህ ያለ አገር ሲሰጠው ምን ሊሠራ ይችል ነበር ብሎ መጠየቅ ደግ ነው። ችግሩ የጸሐፊ ትእዛዝ ኃይል ሁሉ ከንጉሡ ጋር ካለው ቅርበት የሚመነጭ መሆኑ ነው። ርቀው ሲሄዱ ኃይሉ አዲስ አበባ ቀረ። ስለ እሳቸው ከዚህ በላይ አልሄድም፤ ለጥያቄያችን የበለጠ የሚያስተምረው የሚቀጥለው ሰው ነው።

ግርማሜ ንዋይ ወላይታ ላይ

ግርማሜን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የመሬት ሥራው በትምህርት መጻሕፍት አንዲት መስመር ካገኘ ትልቅ ነገር ነው፤ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ታኅሣሥን ያመጣው በከፊል ያ የመሬት ሥራ ነው።

ግርማሜ ከሸዋ የታወቀ ቤተሰብ፣ ከሞጃ ወገን የተወለደ ነው። ታላቅ ወንድሙ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የክብር ዘበኛ ጦር አዛዥ ነበሩ። እሱ ራሱ አሜሪካ ሄዶ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ሠራ። የመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ ለእኛ ጉዳይ ቁልፍ ነው፦ በኬንያ የነጮች ሰፈራ ፖሊሲ ያስከተለው ውጤት። እዚያ የእንግሊዝ ሰፋሪዎች ደጋውንና ለሙን መሬት ይዘው የአገሩ ሰው በገዛ አባቱ መሬት ላይ ሠራተኛና ጥገኛ ሆኖ ነበር። ይህን ያጠና ወጣት እ.ኤ.አ. በ1954 ወደ አገሩ ሲመለስ የደቡቡን ጭሰኛ በምን ዓይን እንዳየው መገመት አያስቸግርም።

ሥራ የጀመረው በአገር ግዛት ሚኒስቴር ነው። ባለ ሁለት ዲግሪ፣ የጦር አዛዥ ወንድም፣ የመኳንንት ልጅ፤ ለፖለቲካ ቅርበት ከዚህ የተሻለ መነሻ አልነበረም። ቀጥሎ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር የወላይታ አውራጃ ገዢ ሆኖ ተሾመ።

እዚህ ላይ ስለ ወላይታ መሬት ጥቂት መረዳት ያስፈልጋል። በምኒልክ ዘመን ከተያዘ በኋላ፣ እንደ ብዙው የደቡብ አገር፣ መሬቱ በቀላድ እየተለካ ለወታደሩ፣ ለባላባቱ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመንግሥት ተደልድሏል። ያልታረሰ፣ በመንግሥት ስም የተቀመጠ ሰፊ መሬት ነበረ። በዚያው ጎን ደግሞ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ምርት ለባለ መሬት የሚያስረክብ ጭሰኛና ጨርሶ መሬት የሌለው ሰው ነበረ። በሕግ ደረጃ መንግሥት ከነፃነት በኋላ መሬት ለሌላቸው ዜጎችም መሬት እንዲሰጥ ፈቅዶ ነበር። በተግባር ግን የሚበዛው የሚሄደው ለሹመኛው፣ ለወታደሩና ለፖሊሱ ነው፤ ድኻው ማመልከቻ ጽፎ፣ አዲስ አበባ ተመላልሶ፣ ደጅ ጠንቶ ጉዳዩን የሚያስፈጽምበት አቅም የለውም።

ግርማሜ ይህን ሰንሰለት በጠሰው። ያልታረሰውን መሬት መሬት ለሌላቸው ሰዎች እየሸነሸነ አሰፈረ። መንገድና ድልድይ ለማሠራትም ሕዝቡን አስተባበረ። በዚያ ዘመን ገዢ ሆኖ የሄደ ሰው መሬት ለራሱና ለዘመዱ ማስመራት እንደ ደመወዝ ጭማሪ በሚቆጠርበት ጊዜ፣ ይህ ሰው የሚመራው ለማያውቀው ድኻ ነው።

ባለ መሬቶቹ ዝም አላሉም። አቤቱታቸው አዲስ አበባ ደረሰ፤ እነሱ በሩን ያውቁታል። ግርማሜ ተጠርቶ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ሲጠየቅ፣ የተራበ ሕዝብ ላይ የተሾመ ገዢ ለተራበው መላ መፈለግ ግዴታው ነው የሚል መልስ እንደሰጠ ይነገራል። መልሱ አላዳነውም፤ ወደ ጅጅጋ አዛወሩት። እዚያም ለአርብቶ አደሩ የውኃ ጉድጓድ፣ ትምህርት ቤትና ሕክምና ለማስፋፋት ሞከረ። የሚያስፈልገው ገንዘብና ፈቃድ ግን የሚመጣው ከዚያው ከማዕከሉ ነበር።

አሁን የእኛን ጥያቄ እናንሣ። ግርማሜ ከወላይታ ሲነሣ ምን ቀረ? አሠራሩን ለተተኪው የሚያስገድድ አዋጅ አልነበረም። መሬት የሰጠው በገዢነቱ ነው፤ ገዢነቱ ሲያበቃ ቀጣዩ ገዢ ልክ እንደ እሱ በገዢነቱ ሌላ ነገር ማድረግ ይችላል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ድፍረቱም፤ የቆመበት መሠረት ግን ራሱ ግርማሜ ብቻ ነበር።

ይህ ለእሱም ሳይታየው አልቀረም። አንድ አውራጃ ማስተካከል ማዕከሉ እስካለ ድረስ ዋጋ የለውም ወደሚል መደምደሚያ የደረሰ ይመስላል። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ሌሊት፣ ንጉሡ ብራዚል በነበሩበት ጊዜ፣ ከወንድሙ ጋር ሆኖ መፈንቅለ መንግሥቱን ጀመረ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሸፈ፤ ሊሸነፉ ሲሉ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የታገቱ ታላላቅ ሰዎችን ተኩሰው ገደሉ። ከሟቾቹ መካከል ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻና መኮንን ሀብተ ወልድ ነበሩ። ይህን ጥቁር ገጽ ዘልሎ ስለ ግርማሜ ደግ ደጉን ብቻ የሚያወራ መምህር ተማሪውን አይረዳውም። ግርማሜ ራሱ በዚያው ወር ተከብቦ ሞተ፤ መንግሥቱ ቆስለው ተይዘው መጋቢት ውስጥ ተሰቀሉ።

እዚህ ጎጃም ቢላክስ ኖሮ?

ተማሪ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነው። መልሱ፦ ወላይታ ላይ የሠራው እዚህ አይሠራለትም ነበር።

በዚያ ዘመን በጎጃም ገበሬው የሚያርሰው ርስቱን ነበር። ርስት የሚገኘው በትውልድ ነበር፤ በአባትም በእናትም ወገን ከአቅኚው አባት መወለዱን ያስቆጠረ ሰው ድርሻ ይጠይቅ ነበር። አገው ምድር ላይ ይህ ከሰባት ቤት ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው፤ ባንጃ፣ አንከሻ፣ ዚገም ሲባል የቦታም የዘርም ስም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሹም ግብር ይሰበስብ፣ ጉልት ይብላ፣ ጭቃ ሹም አሥራት ይቁጠር እንጂ መሬቱን ከባለ ርስት ነቅሎ ለሌላ የመስጠት ሥልጣን በወላይታ ገዢ ልክ አልነበረውም። ቀላድም ጎጃምን አልነካውም። ገበሬው ግን ቀላድ ደቡብ ውስጥ ምን እንዳደረገ ሰምቷል፤ መሬት የሚለካ ሹም ሲመጣ ቀጥሎ የሚመጣው መንጠቅ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ስለዚህ ከነፃነት በኋላ መንግሥት መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በጋሻ ግብር ሲወስን ጎጃም እምቢ አለ። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው አዋጅ አሥራቱን ጨምሮ ለለም ጋሻ 50፣ ለለም ጠፍ 40፣ ለጠፍ 15 ብር ሲል፣ ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ ከጠላት ወረራ በፊት በነበረው ልክ እንዲከፍሉ ተተወላቸው። ያልተለካ መሬት በጋሻ ሊገበር አይችልማ።

ዋናው ግጭት የመጣው በ1960 ዓ.ም. ነው። የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ግብሩ በምርት ላይ ነው ተብሎ ነበር። ምርቱን ለመገመት ግን ማሳው መታየትና መመዝገብ አለበት። ጎጃም ውስጥ ይህ «ቀላድ መጣ» ተብሎ ተተረጎመ፤ ገበሬው መሣሪያ አነሣ፣ መንግሥትም ጦርና አውሮፕላን ላከ። የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሥተው ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወሩ፤ ውዝፉ ግብርም ተማረ።

ይህ ከወላይታው የተገላቢጦሽ ነው። ወላይታ ላይ ገዢው ትክክል ነው ያለውን ሠራ፣ ሕጉ ግን አልደገፈውም። እዚህ ሕጉ በአዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ወጥቶ ነበር፤ ሕዝቡ ግን የሚያስፈጽመውን ሹም አላመነውም። አዲስ አበባ ያሉት አማካሪዎች ወረቀቱን አሳምረው አርቅቀውታል። ከወረቀቱ ማዶ ያለውን ፍርሃት የነገራቸው አልነበረም፣ ወይም ተነግሯቸው አልሰሙም።

ሕግ አርቃቂው ዘገየ አስፋው

በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ። ወጣት የሕግና የኢኮኖሚክስ ምሩቃን ተሰበሰቡበት፤ አገሩን እየዞሩ የየጠቅላይ ግዛቱን የመሬት ሥሪት አጠኑ፣ የባለ መሬትና የጭሰኛ ውል የሚስተካከልበትን ረቂቅ አዘጋጁ። ረቂቁ ፓርላማ ሲደርስ የሚመዝኑት ራሳቸው ባለ መሬቶች ነበሩ፤ ዓመታት አለፉ፣ ሕግ ሳይሆን ቀረ። በሌላ በኩል «መሬት ለአራሹ» የሚለው የተማሪዎች ጩኸት ከየካቲት 1957 ዓ.ም. ጀምሮ አደባባይ ወጥቶ ነበር።

ከእነዚያ ባለሙያዎች አንዱ የሕግ ሰው አቶ ዘገየ አስፋው ናቸው። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ሚኒስትር ሆኑ፤ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ሲረቀቅ ዋነኛው ሰው እሳቸው እንደነበሩ ይታወቃል። አዋጁ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ታወጀ። ጭሰኝነት ቀረ፤ አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ በ800 ሄክታር ገደማ አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ታዘዘ። ማኅበሩን እንዲያደራጁ የዕድገት በኅብረት ዘማቾች፣ ተማሪዎችና መምህራን፣ ወደ ገጠር ተላኩ።

የአቶ ዘገየ ኑሮ ወደ ላይ ብቻ አልሄደም። ያገለገሉት መንግሥት ራሱ አሰራቸው፤ ከእስር የወጡት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በሽግግሩ ዘመን እንደገና የግብርና ሚኒስትር ሆኑ። ልብ በሉ፦ ሚኒስትሩ እስር ቤት ሆነው አዋጁ ውጭ እየሠራ ነበር። ደርግም ወደቀ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ሲል የ1967ቱን ውሳኔ አስቀጠለ። ይህ ደግ ነው ወይስ ክፉ በሚለው ላይ የአገራችን ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ክርክሩን ወደ ሌላ ክፍለ ጊዜ እናቆየው። እዚህ የምንይዘው ነገር ጠባብ ነው፦ ግርማሜ በገዢነቱ የሰጠው መሬት ዋስ አልነበረውም፤ በአዋጅ የተሰጠው ግን ከአርቃቂው መታሰር፣ ከአዋጁ ባለቤት መውደቅ ተርፏል።

ሞንታናዊቷ አማካሪ

ርዕሳችን ልኩን ያገኘበት ዘመናዊ ታሪክ አሜሪካ ነው። እዚያ መሬት በአብዛኛው የግል ነው፤ ነገር ግን በምዕራቡ ክፍል በጣም ሰፊ የሕዝብ መሬት አለ። የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ብቻ ወደ 99 ሚሊዮን ሄክታር ይይዛል። የኢትዮጵያ ጠቅላላ ስፋት 110 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሆኑን ስታስቡ፣ አንድ የቢሮ ዳይሬክተር ከኢትዮጵያ ትንሽ የሚያንስ አገር ያስተዳድራል ማለት ነው። ከብት አርቢው ለግጦሽ፣ ኩባንያው ለነዳጅና ለማዕድን፣ አዳኙና ጎብኚው ለመዝናኛ፣ ሁሉም ከዚያው መሬት ይፈልጋል።

ትሬሲ ስቶን ማኒንግ ወደዚህ ወንበር የመጡት በጠመዝማዛ መንገድ ነው። በሞንታና የአንድ ወንዝ ተፋሰስ ተሟጋች ድርጅት መርተዋል። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሴናተር ጆን ቴስተር ረዳት ሆነው በሚዙላ ከተማ ሠሩ፤ ሥራቸው በአብዛኛው የደን ባለሙያውን፣ የእንጨት ፋብሪካውንና የተፈጥሮ ተቆርቋሪውን በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥ ነበር። ከዚያ ገዢው ስቲቭ ቡሎክ የግዛቲቱን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሰጧቸው፤ ኋላም የገዢው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አደረጓቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 ፕሬዚዳንት ባይደን ለቢሮው ዳይሬክተርነት አጯቸው።

ሹመቱ እንዲሁ አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ1989 በአይዳሆ ደን ዛፎች ላይ ምስማር ተመትቶ ነበር። ምስማሩ እንጨት ቆራጩን እንዲያስፈራ ነው፤ መጋዝ ሲያገኘው ሰው ሊጎዳ ይችላል። ስቶን ማኒንግ በዚያን ጊዜ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበሩ፤ ስለ ምስማሩ የሚያስጠነቅቀውን ስም የሌለው ደብዳቤ እንደገና ተይበው በፖስታ የላኩት እሳቸው ናቸው። ኋላ በፍርድ ቤት መስክረው ሁለት ሰዎች ተፈረደባቸው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጉዳዩ በሴኔት ተነሥቶ ድምፅ የሰጡት ሪፐብሊካኖች በሙሉ ተቃወሟቸው፤ በ50 ለ45 ድምፅ ጸደቁ። ሴኔቱ ሹመትን እንዲህ በአደባባይ መመርመሩ አማካሪ የነበረን ሰው ከአለቃው ጥላ ያወጣዋል፤ ያም ቢሆን ድምፁ በፓርቲ ተከፍሎ ሲወጣ ጥላው ሙሉ በሙሉ አልተገፈፈም።

ከእሳቸው በፊት ቢሮውን ይመራ የነበረው ዊሊያም ፔሪ ፔንድሊ ከቶ በሴኔት ያልጸደቀ ተጠባባቂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ የፌዴራል ዳኛ፣ ያለ ሕጋዊ ሹመት 424 ቀን ሠርቷል ብሎ ፈረደበት። በዚያው ዘመን የቢሮው ዋና መሥሪያ ቤት ከዋሽንግተን ወደ ኮሎራዶ ይሂድ ተብሎ ለ328 የሥራ መደቦች የዝውውር ትእዛዝ ወጣ፤ 287ቱ ሠራተኞች ሌላ ሥራ ያዙ ወይም ጡረታ ወጡ። ስቶን ማኒንግ ሲገቡ የጠበቃቸው ልምድ ያለው ሰው የራቀው ቢሮ ነበር። ዋና መሥሪያ ቤቱ ወደ ዋሽንግተን ተመለሰ። ለእኛ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ይህን ማስተርጎም አያስፈልግም፤ ነባሩ ባለሙያ ሲለቅ መዝገቡ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ይጠፋል።

ትልቁ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ደንብ ነው። መሬትን ማዳንና እንዲያገግም ማድረግ ከግጦሽና ከነዳጅ ፍለጋ እኩል ራሱን የቻለ አጠቃቀም ሆኖ እንዲቆጠር ደነገጉ። መንግሥት ተቀየረና እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ከወንበራቸው ወረዱ፤ በዚያው ዓመት አዲሱ አስተዳደር ደንቡ እንዲሻር ሐሳብ አቀረበ።

እንግዲህ ደንብም ይሻራል። ነገር ግን ለመሻር ሐሳቡ መታተም፣ ለሕዝብ አስተያየት መቅረብ፣ ምክንያቱ መጻፍ አለበት፤ የተጎዳ ወገንም ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። የወላይታ ድኻ ይህ ሁሉ አልነበረውም። ገዢው ተቀየረ፣ በቃ።

ከደብተሩ ጋር

ወደ አማራ ክልል እንመለስ። መጻፍ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ያየነው እዚሁ ነው። በ1989 ዓ.ም. በጎጃምና በሌሎች የክልሉ አካባቢዎች መሬት ሲሸነሸን፣ በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ኃላፊነት የነበረው ገበሬ «ቢሮክራት»፣ ከቀድሞው ሥርዓት ጋር የተያያዘው «ቅሪት ፊውዳል» ተብሎ ከአራት ጥማድ፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተደረገ። ሌላው ገበሬ እስከ ሦስት ሄክታር ሊይዝ ይችል ነበር። አሠራሩ መመሪያ አለው፣ ተመዝግቧል፣ ኮሚቴ አስፈጽሞታል። ፖለቲካ ራሱ መዝገቡ ውስጥ ሲገባ ግን መዝገቡ የማንም ጋሻ አይሆንም። ያኔ የተቀነሰበት ገበሬ ልጆች ዛሬ ወላጆች ናቸው፤ ቁጭቱ በየቤቱ ይነገራል።

ከዚያ በኋላ የመጣው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ ሰው «አረንጓዴ ደብተር» የሚለው፣ በከፊል ለዚያ ፍርሃት የተሰጠ መልስ ነው። ክልሉ በ1992 ዓ.ም. የመሬት አስተዳደር ባለሥልጣን አቋቋመ፤ በ1998 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 133ን፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 252ን አወጣ። በመጀመሪያው ዙር ምዝገባ ማሳው በገመድና በግምት ተለካ፤ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ፣ የየማሳው አዋሳኝ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ ተጻፈ። የሚስት ፎቶግራፍ መግባቱ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ በፍቺና በውርስ ክርክር ስንት ሴት አድኗል። በሁለተኛው ዙር ደግሞ ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ወሰኑ ተሰምሮ እያንዳንዱ ማሳ የራሱን መለያ ቁጥርና ካርታ አገኘ።

ምዝገባውን ከባለሙያው ጋር የሠራው ሕዝብ የመረጠው የቀበሌ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ነው። ደመወዝ የለውም፣ ወሰኑን ግን ያውቃል። ከወረዳ የተላከ ኃላፊ፣ ከየትም ይምጣ፣ የኮሚቴውን ሽማግሌ «ጋሼ፣ ይህ ድንበር በማን ጊዜ ተተከለ?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ ሥራው ይቀላል። ከፖለቲካ የመጣ ሰው እውነተኛ ችሎታ ካለው እዚህ ላይ ነው የሚታየው፤ የሚጣላ ሰው አስታርቆ አንድ ቦታ ማስቀመጥ ያውቃል። ያ ችሎታ ወሰኑን ወደ ወዳጁ ለመግፋት ከዋለ ደግሞ ከቀያሽ ይልቅ አደገኛ የሚሆነው በዚያው ችሎታው ነው።

በእኛ አካባቢ ነገሩን የሚያከብደው ዛፉ ነው። ፋግታ ለኮማና ጎረቤቶቹ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር በማሳው ይተክላል፤ መጀመሪያ ከእህል ጋር፣ ኋላ ዛፉን ብቻ፤ በአራትና በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል። አራት አምስት ዓመት ማለት አንድ የወረዳ ኃላፊ ተሹሞ የሚነሣበት ጊዜ ነው። መሬቱን ለዛፍ የተከራየ ሰው ውሉን በቃል ብቻ ከያዘ፣ ዛፉ ሲደርስ የሚያገኘው ውሉን ያላየ አዲስ ኃላፊና «ያኔ የተነጋገርነው እንዲህ ነው» የሚል ባለ መሬት ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ከተመዘገበ ግን ኃላፊው ማንም ይሁን ማን የሚያነበው ያንኑ ወረቀት ነው። የወል ግጦሽ መሬትም እንዲሁ ነው፤ ወሰኑ በቀበሌው ስም ካልተመዘገበ፣ በየዓመቱ ከዳር ዳሩ ሲታረስ ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው የሽማግሌ ቃል ብቻ ይሆናል።

ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የቤታችሁን ደብተር ከወላጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ ግለጡት፤ ይዛችሁት አትምጡ፣ ይጠፋል። አንዱን ማሳ ምረጡና በአራቱ አቅጣጫ የተጻፉትን አዋሳኞች ስም አንብቡ። ዛሬም እነዚያው ሰዎች ናቸው? ካልሆኑ መሬቱ በውርስ፣ በስጦታ ወይስ በኪራይ ተላለፈ? ለውጡ ቀበሌው መዝገብ ላይ ገብቷል? መልሳችሁን በማስታወሻ ደብተራችሁ ጽፋችሁ ኑ፤ የሰዎቹን ስም ግን አትጻፉ።